ኦፊስና ራንታይም ሲጣሉ፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቢሮ ኮምፒውተር ነው የምሠራው። ስልኬ ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ አንድ ነው፣ ትናንት ሲሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ እምቢ አለ፣ የሆነ የእንግሊዝኛ መልእክት ወጣ፣ ሰውየው ኦኬ ብሎ ዘጋው፣ ምን ይላል ስለው «እኔ እንጃ፣ ኤረር ምናምን ይላል»። ከዛ ወዲያው «ፎርማት ላድርገው እንዴ?» ይመጣል። እባካችሁ ቆይ። ከነዚህ ጥሪዎች ብዙዎቹ ላይ የተበላሸ ነገር የለም፣ ሁለት ደህና ነገሮች አልተግባቡም፣ በቃ። ያንኑ መልስ በየቀኑ በስልክ ከምደግም አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ራንታይም ምንድነው በመጀመሪያ?

ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉን ነገር ከዜሮ አይጽፍም፣ ሌላ ቀድሞ የተሠራ ነገር ላይ ተደግፎ ነው የሚሠራው። ያ መደገፊያ ኮምፒውተራችሁ ላይ ከሌለ ፕሮግራሙ አይነሳም። ቢሮ ውስጥ ራስ የሚያዞሩት ጃቫ፣ ዶት ኔት እና ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ናቸው። አራተኛው የአክሰስ ዳታቤዝ ኢንጂን የሚባለው ነው፣ ለሌላ ፕሮግራም ኤክሴልና አክሰስ ፋይል የሚያነብለት። እሱ እንኳን በትክክል ራንታይም አይባልም፣ ግን ጠቡ አንድ ዓይነት ስለሆነ አብሬ አስገብቼዋለሁ።

32 ቢት 64 ቢት የሚባለው ነገር እኔን ምን አገባኝ?

በጣም ያገባሻል፣ ያገባሃል። ከዚህ በታች ካሉት ጥያቄዎች ግማሹ መልሳቸው ይሄ ነው። ፕሮግራም በሁለት ዓይነት ነው የሚሠራው፣ 32 ቢት ወይም 64 ቢት። ሰው የሚሳሳተው «ዊንዶውሴ 64 ቢት ስለሆነ ሁሉም ነገር 64 ቢት ነው» ብሎ ነው። አይደለም። 64 ቢት ዊንዶውስ 32 ቢት ፕሮግራምንም ያሠራል፣ ግን አንድ ፕሮግራም ውስጡ የሚያስገባው ነገር ሁሉ ከራሱ ጋር አንድ መሆን አለበት፣ 32 ቢት ፕሮግራም 32 ቢት መደገፊያ፣ 64ቱም 64፣ መሀል የለም። ስለዚህ የሚታየው የዊንዶውሱ ሳይሆን የፕሮግራሙ ነው።

ኦፊስ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ኤክሴልን ከፍታችሁ ፋይል፣ ከዛ አካውንት፣ ከዛ አባውት ኤክሴል የሚለውን ተጫኑ፣ ከላይ ከቨርዥን ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ተጽፎላችኋል። ሌላ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ የተጫነበትን ፎልደር እዩ፣ ፕሮግራም ፋይልስ ኤክስ86 የሚለው ውስጥ ካለ ብዙውን ጊዜ 32 ነው። እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ ታስክ ማናጀር ውስጥ ዲቴይልስ የሚለው ጋ ግቡና ከላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕላትፎርም የሚለውን ዓምድ አውጡት፣ ለእያንዳንዱ 32 ወይ 64 ብሎ ያሳያችኋል።

አዲስ ኦፊስ ካስጫንን በኋላ የደሞዝ ፕሮግራማችን ኤክሴል አላነብም አለ፣ ምን ተፈጠረ?

ይሄን አንድ ቦታ ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ወሩ በ27 ነው፣ ደሞዝ ሊሠራ ነው፣ አንድ መሥሪያ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ሒሳብ ክፍል ያሉት እትዬ ገና ከበር ስገባ «ልጄ ይሄ ነገር ትናንት ይሠራ ነበር እኮ፣ እናንተ ናችሁ የነካካችሁት» አሉኝ። እኔ አልነካሁም፣ ግን እውነት አላቸው፣ ከሳምንት በፊት የሆነ ባለሙያ መጥቶ የድሮውን ኦፊስ አውጥቶ አዲስ ጭኖላቸዋል። «እትዬ፣ መልእክቱ ምን ይላል?» ስላቸው ከመሳቢያቸው ወረቀት አወጡ። የአቴንዳንስ ወረቀት ጀርባ ላይ ፊደል በፊደል፣ ነጥቡ ሳይቀር፣ በእስክሪብቶ ገልብጠውታል፦ ማይክሮሶፍት ነጥብ ኤሲኢ ነጥብ ኦሌዲቢ ነጥብ 12 ነጥብ 0 የተባለ ፕሮቫይደር እዚህ ማሽን ላይ አልተመዘገበም። እንደሳቸው ያለ ደንበኛ ቢበዛልኝ ግማሽ ቀን ነው የማተርፈው።

የሆነው ይሄ ነው። የደሞዝ ፕሮግራሙ 32 ቢት ነው። ኤክሴሉን የሚያነብለት ኢንጂን ከድሮው 32 ቢት ኦፊስ ጋር አብሮ ገብቶ ስለነበር ማንም ሳያውቀው ይጠቀምበት ነበር። አዲሱ ኦፊስ 64 ቢት ነው፣ (ከኦፊስ 2019 ጀምሮ ዝም ብላችሁ ካስጫናችሁት የሚገባው 64ቱ ነው፣ 32ቱን ሆን ብሎ መምረጥ ያስፈልጋል) ስለዚህ የድሮው ኦፊስ ሲወጣ 32ቱ ኢንጂንም አብሮ ወጣ። «እሺ 32ቱን ኢንጂን ለብቻው ልጫነው» ስትሉ ደግሞ ኢንስቶለሩ 64 ቢት ኦፊስ ስላለህ አልጭንም ይላል። በኮማንድ መስመር ኳየት የሚል ትእዛዝ ጨምሮ በግድ ማስገባት የሚቻልበት ዘዴ አለ፣ ኢንተርኔት ላይም ሞልቷል፣ ግን ማይክሮሶፍት ራሱ አልደግፈውም የሚለው ነገር ስለሆነ ደሞዝ የሚሠራበት ማሽን ላይ እኔ አላደርገውም።

እዛ ቤት ያደረግኩት ኦፊሱን አራግፌ ያንኑ ኦፊስ በ32 ቢቱ መጫን ነው። ሳይራገፍ መቀየር አይቻልም፣ ሁለቱን ጎን ለጎን መጫንም አይሆንም። ላይሰንሱ ለሁለቱም አንድ ስለሆነ ተጨማሪ ብር አልወጣም፣ ከሰዓት ደሞዙ ተሠራ።

ሌላው አማራጭ የፕሮግራሙን ሻጭ 64 ቢት ቨርዥን አላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ሦስተኛው ፋይሉን በሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ ተራ የጽሑፍ ፋይል) አድርጎ ማስገባት ነው፣ ፕሮግራሙ የሚቀበል ከሆነ። እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ካልመረጣችሁ በአማርኛ የተጻፈው የሠራተኛ ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፦ የንግድ ባንክ ቁጥር 13 አሃዝ ነው፣ ኤክሴል ደግሞ እንዲህ የረዘመ ቁጥር ሲያይ 1 ነጥብ ምናምን ኢ ፕላስ 12 እያለ ያሳጥረዋል፣ በዛ መልኩ እያሳየ ሴቭ ካደረጋችሁት ሲኤስቪው ውስጥ የሚገባው ያጠረው ነው፣ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ሄዱ ማለት ነው። መጀመሪያ ዓምዱን ቴክስት አድርጋችሁ ነው ቁጥሩን የምትጽፉት።

ታዲያ የቱን ላስጭን?

ከኦፊሱ ጋር የሚነጋገር የቆየ ፕሮግራም ካላችሁ፣ እንደ ድሮዎቹ የፒችትሪ ቨርዥኖች፣ ወይ የሆነ ሰው የሠራላችሁ የአክሰስ ዳታቤዝ፣ 32ቱ ይሻላችኋል። 64ቱ የሚጠቅመው በጣም ትልልቅ የኤክሴል ፋይል ለሚሠራ ነው፣ ብዙ ሜሞሪ መጠቀም ስለሚችል። ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ልዩነት የለውም።

የድሮ ማክሮዬ «ይሄ ኮድ ለ64 ቢት መስተካከል አለበት» አለኝ

ማክሮው (ኤክሴል ውስጥ ሥራን በራሱ እንዲሠራ የተጻፈው ኮድ) የዊንዶውስን ነገር በቀጥታ የሚጠራ መስመር አለው ማለት ነው፣ ዲክሌር ብለው የሚጀምሩት መስመሮች ናቸው። 64 ቢት ኦፊስ እነዚህ መስመሮች ላይ ፒቲአር ሴፍ የሚል ቃል ካላየ አያስኬዳቸውም። ቃሉን ብቻ ጨምሮ ማለፍ ይቻላል፣ መልእክቱም ይጠፋል፣ ግን ሎንግ የተባሉት አንዳንዶቹ ሎንግ ፒቲአር መሆን አለባቸው፣ የትኞቹ እንደሆኑ የማያውቅ ሰው ሁሉንም ዝም ብሎ ከቀየረ ኤክሴል ያለ ምንም መልእክት ሊዘጋ ይችላል። ኮዱን ለጻፈው ልጅ ደውሉለት። ልጁ ውጭ ሄዶ ከሆነ፣ ያው አብዛኛውን ጊዜ ሄዷል፣ ቴሌግራም ላይ ፈልጉት።

ፎርሙ ላይ የነበረው ካላንደር ከጠፋ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ 32 ቢት አክቲቭ ኤክስ (ፎርም ላይ የሚለጠፍ ተጨማሪ ክፍል) ነው፣ 64 ቢት ኦፊስ ላይ አይነሳም፣ ማስተካከያም የለውም፣ በሌላ መተካት ነው።

ኦፕን ኦፊስ «የመረጥከው ጃቫ ብልሽት አለው» ይለኛል፣ ሦስት ጊዜ ጫንኩት

አራተኛም ብትጭነው ያው ነው። ብልሽት የሚለው ቃል ነው ሰውን የሚያሳስተው። ከዱባይ የመጣ የቡና ማሽን አይታችሁ ታውቃላችሁ፣ ሦስት ወፋፍራም እግር ያለው ሶኬት ኖሮት ግድግዳችን ላይ አልገባ የሚለው? ማሽኑም ደህና ነው፣ ግድግዳውም ደህና ነው። ኦፕን ኦፊስ (ነጻው የኦፊስ አማራጭ) ዊንዶውስ ላይ 32 ቢት ብቻ ነው፣ እናንተ ደግሞ የጫናችሁት 64 ቢት ጃቫ ነው። ለዚህ ዲቫይደር አይሸጥም፣ 32 ቢት ጃቫ ጫኑለት፣ ሁለቱ ጃቫዎች አብረው መቀመጥ ይችላሉ። ሊብሬ ኦፊስ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ ከ5.0 ጀምሮ (እ.ኤ.አ. 2015) ለዊንዶውስ 64 ቢቱ አለ፣ ዛሬ ሰው የሚጭነውም እሱን ስለሆነ 64 ቢት ጃቫ ይፈልጋል።

ከጫናችሁ በኋላ ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ከዛ አድቫንስድ የሚል አለ (ኦፕን ኦፊስ ላይ ጃቫ ይላል)፣ እዛ ገብታችሁ ከዝርዝሩ ውስጥ ትክክለኛውን ምረጡና ፕሮግራሙን ዝጉና ክፈቱ። ሳትዘጉት አልሠራም ብላችሁ እንዳትደውሉልኝ።

ደግሞ አንድ ነገር፣ ደብዳቤ ለመጻፍና ሠንጠረዥ ለመሥራት ጃቫ አያስፈልግም። ጃቫ የሚፈለገው በዋናነት ቤዝ ለሚባለው ዳታቤዝና ለአንዳንድ ዊዛርዶች ነው። ቤዝን ከፍታችሁ የማታውቁ ከሆነ ያንን መልእክት ዝጉትና ሥራችሁን ሥሩ።

ጃቫ የቱን ቨርዥን ነው የምጭነው? አዲሱን አይደል?

የግድ አይደለም። ፕሮግራሙ የጠየቀውን ነው። ብዙ የቆየ የቢሮ ፕሮግራም የተጻፈው ለጃቫ 8 ነው (እ.ኤ.አ. 2014 የወጣ)፣ ከሱ በኋላ በመጣው 9 ላይ ጃቫ ውስጡን በደንብ ስለቀየረ በ8 የሚሠራ ነገር 17 ወይ 21 ላይ ሊወድቅ ይችላል። የትኛው እንዳላችሁ ለማየት ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጃቫ፣ ስፔስ፣ ሰረዝ፣ ቨርዥን ብላችሁ ኢንተር በሉ፣ ስፔሱ ከጃቫ ቀጥሎ ብቻ ነው፣ ሰረዙና ቨርዥን የተያያዙ ናቸው። 1.8 ካለ አትደንግጡ፣ 8 ማለት ነው፣ ድሮ እንደዛ ነበር የሚቆጥሩት። ልብ በሉ ይሄ ትእዛዝ የሚያሳየው አንዱን ብቻ ነው፣ ሌላ ጃቫ ተጭኖ ሊኖር ይችላል።

የድርጅት ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ፣ ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ የጃቫ ባለቤት ኦራክል የጃቫ 8ን አዳዲስ ማሻሻያ ለንግድ ሥራ የሚጠቀም እንዲከፍል አድርጓል፣ ግላችሁ ላፕቶፕ ላይ ከሆነ ነጻ ነው። ለድርጅት ተሙሪን ወይም ኮሬቶ የሚባሉትን የጃቫ ዓይነቶች ጫኑ፣ ነጻ ናቸው፣ ሥራውም ያው ነው።

ዶት ኔት 4.8 እያለኝ ለምን 3.5 ይጠይቀኛል?

ይሄ ጥያቄ ተገቢ ነው፣ ቁጥሩ እኮ ይበልጣል። ግን 4ቱ የ3.5ቱ ልጅ ሳይሆን ጎረቤት ነው። 3.5 ውስጥ 2.0ም 3.0ም አሉ፣ በነሱ ጊዜ የተጻፈ ፕሮግራም አብዛኛው እነሱኑ ነው የሚፈልገው። በአንጻሩ 4.5፣ 4.6፣ 4.7፣ 4.8 አንዱ ሌላውን እየተካ የሚሄድ ነው፣ ለዛ ነው 4.5 ልጫን ስትሉ «ይሄ ወይም ከዚህ የበለጠ አለህ» ብሎ የሚመልሳችሁ፣ ያ ኤረር አይደለም፣ ተዉት።

3.5ን ዊንዶውስ 10 ላይና አብዛኛው ዊንዶውስ 11 ላይ ማውረድ አያስፈልግም፣ ኮንትሮል ፓናል ገብታችሁ የዊንዶውስ ፊቸር ማብሪያና ማጥፊያ ውስጥ ምልክት ማድረግ ነው፣ የቀረውን ራሱ ከኢንተርኔት ያመጣል። ኢንተርኔቱ ደካማ ከሆነ ወይም የመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ አፕዴት የሚከለክል ከሆነ ግን 800 ኤፍ 081 ኤፍ በሚል የሚያልቅ ኮድ ይሰጣችኋል፣ ፋይሉን የት ላግኘው እያለ ነው። መፍትሔው የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ነው፣ እዛ ውስጥ ሶርስስ የሚል ፎልደር፣ በሱ ውስጥ ኤስኤክስኤስ የሚል አለ፣ ዲአይኤስኤም በሚባለው ትእዛዝ ከዛ አንብብ ትሉታላችሁ፣ ኮማንድ ፕሮምፕቱ በአድሚኒስትሬተር መከፈት አለበት። ፍላሹ ላይ ያለው ዊንዶውስ ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ጋር አንድ ቨርዥን ካልሆነ ደግሞ ያንኑ ኮድ መልሶ ይሰጣችኋል፣ እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ከሰዓት ጠፍቶብኛል።

ሱቅ ውስጥ «ላይት» ተብሎ የሚጫንላችሁ ዊንዶውስ ሌላ ጣጣ ነው። ፈጣን ይሆናል ተብሎ ውስጡ ተቆራርጦ የተሠራ ስለሆነ 3.5ን ለማስገባት የሚያስፈልገው ነገር ራሱ ተጥሎ ሊሆን ይችላል።

ፕሮግራሙ ዶት ኔት 6 አምጣ ይላል፣ እኔ 8 አለኝ

ስሙ አንድ ሆኖ ሌላ ቤተሰብ ነው ይሄ፣ ከ3.5ና ከ4.8 ጋር አይገናኝም። ለ6 የተጻፈ ፕሮግራም ሠሪው ካልፈቀደለት በስተቀር በ8 ላይ አይነሳም፣ 6ቱን ጎን ለጎን መጫን ነው፣ አይጣሉም። ስትጭኑ ዴስክቶፕ ራንታይም የሚለውን ምረጡ፣ ዝም ብሎ ራንታይም የሚለው መስኮት ላለው ፕሮግራም አይበቃም። የ6 ድጋፍ በኖቬምበር 2024 ስላበቃ ሻጩን አዲስ ቨርዥን መቼ ታመጣለህ በሉት።

ቪሲራንታይም140 የሚባል ዲኤልኤል የለም ይለኛል፣ ከኢንተርኔት ላውርደው?

ፋይሉን ለብቻው አታውርዱ!! ዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ፋይል) ብቻ የሚያድሉ ሳይቶች አሉ፣ ምን ጨምረው እንደሚሰጧችሁ አይታወቅም፣ ደህና ቢሆን እንኳ አንዱን ስታስገቡ ሌላው ጎደለ ይላል። ከማይክሮሶፍት ሳይት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል የሚለውን ከ2015 ጀምሮ ያለውን አውርዱ፣ ኤክስ86ቱንም ኤክስ64ቱንም፣ ሁለቱንም ነው የምላችሁ፣ ዊንዶውሱ 64 ቢት ቢሆንም። ሁለቱ ተደምረው ከ50 ሜጋ አይበልጡም፣ ፓኬጅ አይጨርሱም፣ ፍላሻችሁ ላይ አስቀምጧቸው።

ኮምፒውተሩ አሁንም ዊንዶውስ 7 ከሆነና የጎደለው ፋይል ስም ኤፒአይ ኤምኤስ ዊን ሲአርቲ ብሎ የሚጀምር ከሆነ የዊንዶውስ አፕዴት ነው የጎደለው፣ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ግን አብሮ ነው የሚመጣው።

ኮንትሮል ፓናል ላይ ይሄ ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሰባት ስምንት ጊዜ ተደርድሯል፣ ላጥፋው?

አታጥፉ። 2008፣ 2010፣ 2012፣ 2013 እያለ የሚያሳያችሁ ድግግሞሽ አይደለም፣ እያንዳንዱ የየራሱ ፕሮግራም አለው፣ የ2013ቱ ለ2010ሩ አይሆንም። ከ2015 ወዲህ ያሉት ብቻ ናቸው አንድ የሆኑት። ቦታ እንዲለቅ ብሎ እነዚህን ያጠፋ ሰው ያገኘው ጥቂት ሜጋ ነው፣ ያጣው ደግሞ የስካነሩን ፕሮግራም።

የአማርኛ ደብዳቤ ስከፍት ገጹ ተዛባ፣ ይሄም ራንታይም ነው?

አይ፣ ፎንት ነው። ኒያላ ድሮ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ ነበር፣ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ በአማራጭ የሚጨመር ሆኗል፣ ከሌለ ኮምፒውተሩ ኤብሪማን ስለሚተካ መስመሩ ይገፋና ፊርማው ሁለተኛ ገጽ ይወርዳል። ሴቲንግ ውስጥ አማርኛን ቋንቋ አድርጋችሁ ስትጨምሩ አብሮ ይገባል።

ዊንዶውስ 10ና ኦፊስ 2016 አበቃላቸው ተብሏል፣ ሁሉንም እንቀይር?

የሁለቱም ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 14፣ 2025። መሥራት አያቆሙም፣ ግን እንደ ድሮው የሴኩሪቲ አፕዴት አይመጣላቸውም፣ ስለዚህ መቀየሩ አይቀርም። የምለምናችሁ በአንድ ቀን አሥራ አምስት ኮምፒውተር አትቀይሩ። ሒሳብ ክፍሉ ውስጥ አንዱን ቀይሩና አንድ ሙሉ ወር አሠሩበት፣ ደሞዙም፣ ቫቱም፣ የወሩ ሪፖርትም ይለፍበት፣ ከዛ የቀረውን። ከመቀየራችሁ በፊት ደግሞ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ጃቫው ስንት ነበር ብዬ ስጠይቅ የሚመልስልኝ አላገኝም።

ፎርማት በጭራሽ አይደረግም ማለት ነው?

ይደረጋል እንጂ፣ ቫይረስ ሲስተሙን ከበላው ወይም ያ ላይት የሚባለው ዊንዶውስ ከሆነ ሌላ ምን ይደረጋል። ለነዚህ ከላይ ላልኳችሁ ግን ምንም አይፈይድም፣ ዊንዶውሱ ንጹህ ይሆንና ያንኑ 64 ቢት ኦፊስ፣ ያንኑ 32 ቢት ፕሮግራም መልሳችሁ ትጭናላችሁ፣ ያው መልእክት ይመጣል። አንዱ ሁለት ጊዜ ፎርማት አድርጎ ነው የደወለልኝ፣ ዴስክቶፑ ላይ የነበረውን የሦስት ዓመት ፋይል በመጀመሪያው ጊዜ አጥፍቶት።